ሁለት ምት

ስድስት ዓመት ሙሉ የተናኘወርቅን ሆድ የበላው አንድ ቃል ነው። ቃሉ የትራፊክ ፖሊስ በጻፈው ወረቀት ላይ፣ ሦስተኛው መስመር መሐል ይገኛል። ተናኘወርቅ የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ የቀረውን ጽሑፍ ብዙም አትከተለውም። ያቺን ቦታ ግን ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ታገኛታለች። «ተሳፋሪዋ ከሚሄድ መኪና ላይ ዘላ በመውረዷ» ይላል።

ዘላ። ሄርሜላ ዘላ!

ልጇ ሄርሜላ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደጃፋቸው ያለውን ቦይ እንኳ ሁሉም በእርምጃ ሲያልፈው እሷ ዞራ በድልድዩ ነበር የምትሻገረው። ያን ቀን ይርጋጨፌ ከአክስቷ ቤት ውላ ጉግሳ የሚባል ሾፌር በሚነዳው ሚኒባስ ትመለስ ነበር። ሰፈራቸው ጭጩ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» አለች። መኪናው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። አንድ እግሯ መሬት ሲነካ መኪናው ተነሳ። እሷም ወድቃ የኋላው ጎማ ስር ገባች።

ይህን ለተናኘወርቅ የነገረቻት ፈይዛ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ናት። ያን ቀን መኪናው ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ለቅሶ መጥታ ጆሮዋ ስር ጎንበስ ብላ፣ «ቆሞ ነበር እኮ እህቴ» አለቻት። «ማንም ሳበው አላለም። እንዴት እንደተነሳ እኔ አልገባኝም።»

ለምስክርነት ስትፈለግ ግን ባሏ «ፖሊስ ጣቢያ የሚመላለስ ሚስት የለኝም» ብሎ ከለከላት። የመኪናው ረዳት በሦስተኛው ቀን ወደ ሞያሌ ጠፋ። የቀረው ሾፌሩ ጉግሳ ብቻ ነው። ጉግሳም «ዘለለች» አለ።

መኪናው እንዴት እንደተነሳ ፈይዛ አልገባትም። ተናኘወርቅ ግን ገብቷታል።

እሷና ባሏ ሙሉጌታ ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር ይገጥሙ ነበር። ሙሉጌታ ገመዱን ይዘረጋል፣ ተናኘወርቅ ብሎኑን ታስራለች። እሷ ያሰረችው ብሎን እሱ ካሰረው ይበልጥ ይጠብቃል። የጉግሳን ሚኒባስ የሠሩት ከአደጋው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ነበር። ትልቁ ስፒከር ሲታሰር ምቱ ወደ መኪናው አካል እንዳይሄድ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ይደረጋል። ጉግሳ ግን ጎማው ይቅር አለ።

«ቆርቆሮው ይንቀጥቀጥልኝ!» አለ። «የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሙዚቃው ሳይሆን መኪናው እንዲዘፍን ነው የሚፈልጉት።»

ተናኘወርቅ ከሾፌሩ ጀርባ ወደ ጣራው ከሚወጣው ብረት ጋር፣ ያለ ጎማ፣ በአራት ብሎን አሰረችው። ሲከፍቱት የዘፈኑ ከበሮ በመታ ቁጥር ጣራው አብሮ ይመታል። ልክ ሰው በመዳፉ የሚመታው ይመስል ነበር። ያን ቀን ሦስቱም ሳቁ።

በዚህ መስመር ደግሞ ረዳት አፉን ብዙ አያደክምም። ጣራውን በመዳፉ አንዴ ከመታ ቁም ማለት ነው። ሁለቴ ከመታ ሳበው፣ ንዳ ማለት ነው። ሾፌር ዞሮ አያይም፣ ጣራውን ሰምቶ ይነዳል።

ተናኘወርቅ ሁለቱን ነገር ያገናኘችው በቀብሩ ማግስት፣ ሰዉ ገና ከድንኳን ሳይነሳ ነው። ሙሉጌታን ወደ ጓዳ ጠርታ ነገረችው። ሙሉጌታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዝም በይ» አላት። «ይሄ ከወጣ እኛም አለንበት። ያሰርሽው አንቺ ነሽ።»

እሷም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌዎቹን የመሩት ጭጩ ላይ ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጡት ጋሽ ገሪማ ናቸው። ጉግሳ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ቆመ። «ዘላ ብትወርድም በእኔ መኪና ነው ያለፈችው። ይቅር በሉኝ» አለ። ሙሉጌታ እያለቀሰ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ተናኘወርቅ የበሩን መቃን ይዛ ቀረች።

«አንቺስ ልጄ?» አሏት ጋሽ ገሪማ።

«እኔ አላወረድኩም።»

ሐዘን ነው የሚያናግራት ተባለና ታለፈች።

ጉግሳ መኪናውን ሸጦ የጭነት መኪና ሊነዳ ወደ ሞያሌ መስመር ሄደ። ሙሉጌታ ከሁለት ዓመት በፊት በጉበት በሽታ ሞተ። ተናኘወርቅ ሱቁን ብቻዋን ያዘችው። ሴት ቴፕ ትገጥማለች ብለው የሳቁ ሾፌሮች ሁሉ ቀስ በቀስ እሷው ጋ ተሰለፉ። አንድ ነገር ግን አትሰማም። ጎማ ያልተደረገበት ስፒከር ከእጇ አይወጣም።

«እማማ፣ ድምፁን አፈነው እኮ!» ይሏታል።

«ጎማ ከሌለ ሥራ የለም። ካልፈለግህ መንገዱ ያው።»

ለምን እንደሆነ ነግራ አታውቅም።

ባለፈው ኅዳር፣ ቡናው ደርሶ ከገደብም ከፍስሐ ገነትም የሚመጣው መኪና ሁሉ ሰው ጭኖ በሚሮጥበት ሰሞን፣ ሱቋ ደጃፍ አንድ ነጭ ሚኒባስ ቆመ። ከውስጡ ጉግሳ ወረደ። ወፍሯል። ፀጉሩ ከጎን ከጎን ሸብቷል።

«እትዬ ተናኝ! ኧረ አላረጀሽም!»

ተናኘወርቅ ካቻቢቴውን እንደያዘች ቀና አለች።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምን እፈልጋለሁ? የጋሽ ሙሌ እጅ አንቺ ላይ ነው ያለው ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ነፍሱን ይማር። መልሼ መኪና ገዛሁ ይኸው። በዝምታ የሚሄድ መኪና ማን ይሳፈራል? ተማሪው ከሩቅ እየሰማ ነው የሚመርጠው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለፈው አልፏል አይደል? በሽማግሌ አልቋል። ሌላ ሰው ጋ ብሄድ ራሱ የምትቀየሚኝ መስሎኝ ነው።»

ተናኘወርቅ ወደ ሚኒባሱ ገባች። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ብረት በጣቷ ነካችው። ያው ነው። ያው ቦታ፣ ያው ውፍረት።

«እንዴት ይሁንልህ?» አለችው።

«እንደ ድሮው። ያንን ጎማሽን ብቻ እንዳታመጪብኝ። ሰምቻለሁ፣ ሰውን ሁሉ አማረሽዋል አሉ!» ሳቀ።

«ይሁን» አለች ተናኘወርቅ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠራች። ቴፑን ገጠመች፣ አምፕሊፋየሩን ከወንበር ስር አስገባች፣ ገመዱን በምንጣፉ ስር ጎትታ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለለች። ትልቁን ስፒከር ባዶው ብረት ላይ ስታስቀምጥ እጇ ቆመ። የጎማው ቁራጭ በኪሷ ነበር። ከኪሷ ግን አላወጣችውም። አራቱን ብሎን አንድ በአንድ አጠበቀች፣ አራተኛው ላይ ክንዷ እስኪዝል ድረስ።

ሲያልቅ ጉግሳ ድምፁን ከፍቶ መሪውን በመዳፉ መታ። «እሰይ! ይሄ ነው መኪና!»

የገጠመ ሰው አብሮ ትንሽ ነድቶ መስማት የተለመደ ነው። መንገድ ላይ የሚንኳኳ ነገር ካለ ያኔ ይያዛል።

«እስከ ጭጩ እንሂድ» አለችው። «እኔ ከኋላ በሩ ጋ ሆኜ ልስማ። አንተ እንደ ሥራህ ንዳ፣ ረዳትህ ነኝ።»

«እትዬ ተናኝ ረዳት! ታዲያ ቆመሽ ጭጩ ጭጩ በያ!»

«ንዳ አልኩህ።»

መንገዱ ላይ ሰው በዝቷል። ቡና ለቅመው የሚመለሱ ሰዎች ጠርዙን ይዘው ይሄዳሉ። ከበሮው ጣራውን ሁለት ሁለት እያደረገ ይመታል። ተናኘወርቅ ወንበሩ ላይ ሆና ድምፁ በአጥንቷ ሲገባ ተሰማት። ጭጩ ሊደርሱ ሲሉ «ወራጅ አለ!» አለች። ጉግሳ አንገቱን ከሙዚቃው ጋር እያወዛወዘ ነዳ። በኃይል ጮኸች። አልሰማም። ያኔ ጣራውን አንዴ በመዳፏ መታችው።

መኪናው ቆመ። የቆመው ያቺው ቦታ ላይ ነው፣ ከጋሽ ገሪማ ሱቅ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ተናኘወርቅ በሩን ከፈተች። የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨበጠች። አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ሌላውን ደረጃው ላይ ተወችው። ጠበቀች። መኪናው ሲቆም ዘፈኑ ረገብ ብሏል፤ ዘፋኙ ብቻውን ያንጎራጉራል፣ ከዚያ ከበሮው እንደ አዲስ ይገባል። ሄርሜላ ይህን እንኳ አላወቀችም፤ ቤቷ ልትገባ ነበር።

ከበሮው ገባ። ዷ፣ ዷ።

መኪናው ተነሳ።

ደረጃው ላይ የነበረው እግሯ ተንሸራተተ። እጀታውን አለቀቀችም፣ ጉልበቷ ግን ጠጠሩ ላይ እየተጎተተ ሄደ። ቀሚሷ ተተረተረ። የኋላው ጎማ ከተረከዟ አንድ ስንዝር ርቆ ሲዞር አየችው። ከፊት የሚመጣ ባጃጅ መንገዱን ዘግቶ፣ ሾፌሩ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ጉግሳ ፍሬኑን ረገጠ።

ዘሎ ወርዶ ዞሮ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሻል! ምን ልትሆኚ ወረድሽ? ልትገድዪኝ ነው?»

ተናኘወርቅ እጀታውን እንደጨበጠች፣ በጉልበቷ ሆና ቀና ብላ አየችው።

«ለምን ነዳህ?»

«ሳበው አልሽኝ እኮ!»

«በምን አልኩህ?»

«መታሽልኝ እኮ። ሁለቴ ነው የመታሽው፣ እኔ...»

በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ከበሮው ሁለት ሁለት እያደረገ ጣራውን ይመታል፣ የሚመታው ሰው ግን የለም። የተናኘወርቅ ሁለት እጅ እስካሁን እጀታው ላይ ነው።

«ጉግሳ» አለችው። «ዘልዬ ነው?»

ጉግሳ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የባጃጁ ሾፌር «እናቴ ደህና ነሽ?» ብሎ ጠየቃትና ራሷን ስትነቀንቅለት መንገዱን ቀጠለ።

«ያኔም ረዳቱ የመታ መስሎኝ ነው» አለ ጉግሳ በመጨረሻ። «መሐላዬ ነው። ሳበው የተባልኩ መስሎኝ ነው።»

«ታዲያ ዘለለች ያልከው?»

«እስር ፈራሁ። አንዴ ካልኩት በኋላ ደግሞ... ደጋግሜ ስለው እኔም አመንኩት።»

«ተነስ። ጋሽ ገሪማ ጋ ሄደን ይሄንኑ በል።»

«እትዬ ተናኝ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም ነበረችኝ።»

ጉግሳ ተነሳ። ልብሱን አራገፈ። ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፣ አልተቀበለችውም። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሙዚቃውን አጠፋ፣ ነድቶ ወደ ወናጎ አቅጣጫ ሄደ። ዞሮ አላየም።

ተናኘወርቅ እያነከሰች ጋሽ ገሪማ ሱቅ ደረሰች። ጋሽ ገሪማ ደሟን አይተው ከባንኮኒው ኋላ በጥድፊያ ወጡ።

«ምን አገኘሽ ልጄ?»

«ሽምግልናችሁን ልመልስ ነው የመጣሁት ጋሼ። ድንጋዩን ያወረደው ባሌ ነው፣ እኔ አላወረድኩም። ልጄ አልዘለለችም። ጉግሳ አሁን በአፉ ነግሮኛል።»

«እሱስ የት አለ?»

«ሄደ።»

ጋሽ ገሪማ ወንበር ሳቡላት። ቆመው ጢማቸውን ደባበሱ።

«ሄዶማ ይክዳል። ምስክር የለሽም። ያንቺ ቃል ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የኔን ጥፋት የማስቀድመው።» ከኪሷ የጎማውን ቁራጭ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «ይሄ ከስፒከሩ ሥር መሆን ነበረበት። ያኔ አላደረግኩም። ባዶ ብረት ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ። ከበሮው ጣራውን መታ፣ እሱ ሳበው የተባለ መሰለው። ስድስት ዓመት ዝም ያልኩት ለዚህ ነው፤ እሱን ብከስ ነገሩ እኔም ጋ እንዳይደርስ።»

ጋሽ ገሪማ ጎማውን አንስተው አገላብጠው አዩት። እንደገና አስቀመጡት።

«ይሄን ፖሊስ ፊት ብትናገሪ አንቺም ትጠየቂያለሽ እኮ።»

«ልጠየቅ።»

«ሱቅሽን ሊዘጉት ይችላሉ።»

«ይዝጉት ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት አብረው ሄዱ። ጉግሳ አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነበር። ቃሏን የተቀበላት ወጣት ፖሊስ ሁለት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ «እርግጠኛ ነሽ እናቴ? ይሄ እኮ ራስሽ ላይ ነው» አላት። ሁለት ጊዜም «ጻፍ» አለችው። ጨርሶ ሲያነብላት ጆሮዋን አልሰጠችውም። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጠየቀችው።

«አልዘለለችም የሚለው የቱ ጋ ነው?»

በብዕሩ ጫፍ አሳያት። ተናኘወርቅ ጣቷን አሳርፋ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከዚያ ወረድ ብላ «ስፒከሩን ያሰርኩት እኔ» የሚለውን ፈለገች። እሱንም አነበበችው። ብዕሩን ተቀብላ ስሟን በሙሉ ጻፈች።