የእድሩ ጄኔሬተር

ስብሰባው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። የብሩክታዊት ላፕቶፕ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ዘጋችውና ከነቻርጀሩ ይዛው ወጣች።

አዲስ አበባ ያለው የሶፍትዌር ኩባንያ፣ ክፍለ ሀገር፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ካለው ከእናቷ ቤት ሆና እንድትሠራ ከፈቀደላት ሁለት ዓመቱ ነው። ደመወዙ ደህና ነው፤ ባጃጅ መጠበቅ የለም፣ ጫማ ማድረግም የለም። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት እየሄደ ከስብሰባ መሃል ሁለቴ ስለጠፋችባቸው፣ አለቃዋ ሰይፈሥላሴ ቁርጡን ነግሯታል። "አንዴ ከደገምሽ ወይ ቢሮ ትገቢያለሽ፣ ወይ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።" ቢሮ መግባት ማለት ደመወዙን ለቤት አከራይ ማስረከብና እናቷን ሻሺቱን ብቻዋን መተው ነው።

በሰፈሩ መብራት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ትናንት የተቀበሩት የጎረቤታቸው የእትዬ ልክነሽ ለቅሶ ድንኳን። የእድሩ ጄኔሬተር እዚያ ይጮሃል።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ባፈና በር ላይ ተቀበሏት።

"መጣሽ? እኛማ አገር የለቀቅሽ መስሎን ነበር።"

"ሥራ ላይ ነበርኩ ጋሼ።"

"እናትሽ እኮ 'ልጄ ቤት ነች' ብላናለች።"

"ሥራዬ እኮ ቤት ነው።"

"ቤት ተቀምጦ ሥራ!" ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ወደምትከትፈው ወደ ሻሺቱ ዞሩ። "አንቺ፣ ቀበሌ ሄደሽ ሥራ አጥ ብለሽ አላስመዘገብሻትም እንዴ?"

"አስመዝግቤያለሁ" አለች ሻሺቱ ቀና ሳትል። "ምናልባት ሥራ ቢገኝላት ብዬ ነዋ።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"ማታ እንነጋገራለን እማዬ" አለች ብሩክታዊት። "ጋሼ፣ አንድ ሶኬት ይስጡኝ፣ ለአንድ ሰዓት።"

"ውሰጂ። ቄሱ ሲመጡ ግን ይጠፋል። በዚህ ጩኸት ጸሎት የለም።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"ሲመጡ ነዋ!"

ከድንኳኑ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ኢንተርኔቱን ከስልኳ አገናኝታ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባው ውስጥ ገባች። ካሜራዋን አልከፈተችም። ደንበኛው የአውቶቡሶች ማኅበር ነው፤ የምታሳየውም የሠራችላቸውን የትኬት መቁረጫ ፕሮግራም።

"ምንድነው ይሄ ድምፅ?" አለ ሰይፈሥላሴ።

"ጎረቤት ቤት እያሠራ ነው።"

ወንበር አስመረጠች፣ ትኬት ቆረጠች፣ ሰረዘች። የማኅበሩ ሰዎች ወደዱት። የቀረው የሪፖርቱ ክፍል ብቻ ነበር። የጋሽ ባፈና ጥላ ስክሪኑ ላይ ወደቀ።

"ቄሱ መጥተዋል።"

ማይኩን ዘጋች። "አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ።"

"እኔን አትለምኚኝ። ክንፉን ጠይቂው፤ የሞተችው የሱ እናት ነች።"

ላፕቶፑን ነቅላ ይዛው ወደ ውስጥ ገባች። ክንፉ ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል። ላፕቶፑን አየ፣ እሷን አየ።

"ሥራሽ ከሆነ ጨርሺ" አላት። "እንጠብቃለን።"

እምቢ ቢላት ትከራከረው ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር፤ ድንኳን ሙሉ ሰው እሷን ያያል። እናቷ ቢላዋውን አስቀምጣለች። ከጆሮ ማዳመጫው የሰይፈሥላሴ ድምፅ ይመጣል። "ብሩክታዊት፣ አለሽ? ደግሞ ጠፋሽ እንዴ?"

ማይኩን ከፈተች። ካሜራውንም ከፈተችና ወደ ድንኳኑ አዞረችው።

"አልጠፋሁም። ቅድም ዋሽቻለሁ፤ ቤት የሚያሠራ ጎረቤት የለም። ለቅሶ ላይ ነኝ፤ የምጠቀመውም የእድሩን መብራት ነው። አሁን ጸሎት ሊደረግ ነው። የቀረውን ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሳያችኋለሁ።"

"ባለፈው ተነጋግረናል እኮ" አለ ሰይፈሥላሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተነጋግረናል" አለች።

ላፕቶፑን ዘጋች። ጋሽ ባፈና ወደ ጄኔሬተሩ ሲራመዱ ቀደመቻቸውና ራሷ አጠፋችው።