በሲባጎ የተለካው ክፍል

ዴልፊና ደመወዝ የተቀበለች ቀን ቀጥታ ቤቷ አትገባም። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው በር ወጥታ ወደ ግንባታ ዕቃ መሸጫው ትሮጣለች። ያን ዓመት ሮሳሪዮ ከተማ ውስጥ ያልሮጠ ማን ነበር? አውስትራል የሚሉት ገንዘባቸው ኪስ ውስጥ ካደረ ዋጋው እየሟሸሸ ያድራል። እሷም ጡብ ትገዛበታለች። ጓሮ የተከመረው ጡብ ነፍሰ ጡር ልጇ ማሪሴል ለምትገባበት ክፍል ነው። ክፍሉ ገና በአራት ችካልና በሲባጎ ምልክት የተደረገበት መሬት ነበር፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር። ማሪሴል ብርዱ ሳይወጣ ትወልዳለች።

ጣሪያው የዴልፊና አባት ድርሻ ነበር። አንሴልሞ አርባ ዓመት የባቡር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ ሲወጡ ገንዘብ ተሰጥቷቸዋል። የካቲት ላይ ያ ገንዘብ ለክፍሉ የሚያስፈልገውን ስምንት ቆርቆሮ በሙሉ ይገዛ ነበር። ቆርቆሮውን ይግዙት ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ።

«ጡብና ቆርቆሮ ልንበላ ነው እንዴ? ባንክ ወለድ ይሰጠኛል። ኖቱ ላይ ደግሞ የመንግሥት ፊርማ አለበት።»

«አባዬ፣ ማዕከላዊ ባንኩ እኮ ሌት ተቀን እያተመ ነው! ገንዘቡ በበዛ ቁጥር የሚገዛው ነገር ያንሳል። ወለዱ በምን እግሩ ይደርስበታል?»

«አንቺ ደግሞ! መርፌ ስለያዝሽ ገንዘብ የምታውቂ መሰለሽ።»

ምን ይደረግ? አርባ ዓመት ባቡር በሰዓቱ ያሳለፈ ሰው፣ መንግሥት ያዛንፋል ብሎ እንዴት ያስብ!

ሐምሌ ላይ የማሪሴል መውለጃ ሲቃረብ ከረባታቸውን አስረው፣ ገንዘቡን ከባንክ አውጥተው በቦርሳ ይዘው ወደ መሸጫው ሄዱ።

«ባቲስታ፣ ቆርቆሮ ስንት ነው?» አሉ ባለሱቁን።

«ዛሬ ዋጋ የለም፣ ዶን አንሴልሞ።»

«ዋጋ የለም ማለት? ይኸው ቆርቆሮው!»

«ከሸጥኩ በኋላ በምን ልተካው? አከፋፋዩ አዲሱን ዋጋ ደውሎ ይንገረኝ፤ ነገ ይምጡ።»

በነጋታው ዋጋ ነበረው። ከነወለዱ ገንዘቡን ሁሉ አራግፈው ሁለት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ።

ዴልፊና ልትጮኽባቸው አፏን ከፈተች። ያቺን ከረባት አሁንም እንዳሰሩ ናቸው፤ ጩኸቷን ተወችው። ቆርቆሮዎቹን ተቀበለቻቸውና ጡቡን ቆጠረች። ከዚያም ቤት ወደሚሠራ ጎረቤት ሄዳ ተከራክራ መጣች። ከጡቡ ሩቡን ይወስዳል፤ ሁለት ቆርቆሮ ይሰጣል። ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከላቸው አልተነሳም።

«አራት ቆርቆሮ ሆነ» አለቻቸው። «የክፍሉን ወርድ በግማሽ እንቀንሳለን። የቀረውም ጡብ ለዚያው ይበቃል።»

አንሴልሞ ጎንበስ ብለው በአንድ በኩል ያሉትን ሁለት ችካሎች በእጃቸው ነቀሉ። ሲባጎውን ሰብስበው ወደ ውስጥ አስጠጉና መልሰው ተከሉ። ከዚያ መሃል ገብተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው በግራም በቀኝም ሲባጎውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«አልጋ ይገባል» አሉ።

«ይገባል፣ አባዬ።»

«ልጁ መራመድ ሲጀምርስ?»

አባቷ እጃቸውን እንደዘረጉ አለቀሱ።