የበሩ ግርጌ ሚስማር

አንዱ እንግዳ ብርዱን ፈርቶ በሩን መለስ ባደረገው ቁጥር ታላቂቱ ልጅ ተነስታ ትከፍተዋለች። ዛሬ ይኼ አራተኛዋ ነው። ስትነሳ ጉልበቷ የአክስቷን የሻይ ብርጭቆ መታው፤ ይቅርታ እንኳ ሳትል ሄዳ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተችና በጡብ አስደገፈችው።

"አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ወጥቶብሻል እንዴ? አንዴ እንኳ ተቀመጪ እንጂ" አለች አክስት ቀሚሷን እያራገፈች።

"ይሞቃል።"

"በዚህ ብርድ?"

"ይሞቃል አልኩሽ እኮ።"

ቁልፍ ሠሪው አባቷ ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነው። እሷ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት፤ በቀን መቶ ጊዜ በር ከፍታ መቶ ጊዜ ትዘጋለች፤ እሱ ምንም አይላትም። የቤት በር ሲዘጋ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። እቤቷ የሽንት ቤቱ በር እንኳ ቁልፍ የለውም። ልጇ እዚያ ስትገባ ሰው እንዳይመጣባት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትዘፍናለች። "እናቴ የቁልፍ ሠሪ ልጅ ናት ብል ማን ያምነኛል?" ትላለች።

ነገ ለቀስተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ይሰበሰባል። ስለ አባቷ የምትናገረውም እሷ ናት፣ ታላቅ ስለሆነች። ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት አምስት ቀን ሙሉ ከአንድ መስመር አላለፈም፦ "አባታችን ቆልፎብን ነበር የሚሄደው።" ታናሽ ወንድሟ ጠዋት ካፖርቷን ሲሰቅል አይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ጥላ ይከተላታል።

"ሚስቱ ከሞተችበት ወዲያ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም" ይላል ጥግ የተቀመጠው ጡረተኛ መምህር። "ሁለት ሕፃን ይዞ ብቻውን!"

"ጥብቅ ነበር እንጂ" አለች አክስት።

"ጥብቅ ባይሆን ይቺ የት ትገኝ ነበር? ነፋስ እኮ ናት! ሁላችንም ብንሆን እንዲሁ አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?"

ሳቅ ሳቅ አሉ። ምን እንደሆኑ ግን ማንም አልተናገረም። ታላቂቱ ሞልቶ ያለውን ፔርሙዝ አንስታ ወደ ማድቤት ገባች። ወንድሟ ተከተላት።

"እትዬ፣ ያን ነገር ነገ አታነቢውም አይደል?"

"ውሸት ነው?"

"ውሸትማ አይደለም። ግን ሙት ወቃሽ አትሁኚ።"

"በቁሙስ መቼ ወቀስኩት? ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሻይ ስቀዳለት ኖርኩ። 'ለምን ቆለፍክብን?' ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። አሁን ደግሞ እናንተ ደግ አባት ነበር በይ ትሉኛላችሁ።"

ወንድሟ ፔርሙዙን ከእጇ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ያኔ፣ ልጆች ሳሉ፣ አባታቸው ከትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት ይወስዳቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ሁለት ዙር። እስኪመሽ አይመጣም። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወንድሟ አምስት። ሣጥን ላይ ቆማ በመስኮቱ ፍርግርግ የሰፈሩን ልጆች ጨዋታ ታያለች፤ ማን እንደወደቀ፣ ማን እንዳጭበረበረ ለወንድሟ ትነግረዋለች። እሱ ወለሉ ላይ አሮጌ ቁልፎች እየደረደረ "ከዚያስ?" ይላታል። "ከዚያማ አንድ ቀን ይኼ በር ይከፈትና እሄዳለሁ። ተመልሼም አልመጣም" ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ወንድሟን ትኩሳት ጣለው። ዓይኑ ተገለበጠ። እሷ በሩን ደበደበች፣ ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ፣ ቁልፍ የያዘ ግን አልነበረም። አባት ሲመጣ ልጁ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የእሷ እጆች አብጠው ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል። አባቷ እጆቿን አገላብጦ አየ። በማግስቱ ከሰዓትም ቀጭ፣ ቀጭ። እሷ ይቅር ያላለችው ትኩሳቱን አይደለም፣ ያችን ማግስት ነው።

ዛሬ አሥር ሰዓት ገደማ "ሞረድ" መጣ። የአባቷ የሥራ ባልንጀራ ነው፤ ድምፁ ስለሚሻክር ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ከመቀመጡ በፊት ጡብ የተደገፈውን በር ዳሰሰ።

"አሁንም ያው በር? ይሄን እኮ አብረን ነው የሠራነው፣ ልጄ። ያኔ ወንድምሽ የታመመ ጊዜ። 'ከውጭ ለሌባ የሚቆለፍ፣ ከውስጥ ለልጅ የሚከፈት አድርገን እንሥራው' አለኝ። በበሩ ሆድ ሽቦ አውርደን ግርጌው ላይ ሚስማር አሰርንበት። ሲስቡት የቁልፉ ጋን ምላስ ወደ ውስጥ ይገባና በሩ ይከፈታል። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።" ሳቀ። "ስንቴ ሾልካችሁበት ይሆን?"

ታላቂቱ ወደ ወንድሟ ዞር አለች። እሱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ማድቤት እያመለጠ ነው። ነገሩ ገባት።

ማድቤት ውስጥ በር ሳትዘጋ፣ ድምፅዋንም ከፍ ሳታደርግ ያዘችው።

"ታውቅ ነበር?"

"አሳይቶኛል። 'አንተ ወይ እህትህ ከታመማችሁ ሳበው፤ ለእሷ ግን እንዳትነግራት፣ ካወቀች ወጥታ አትገባም' አለኝ።"

"ሦስት ዓመት!"

"እትዬ..."

"ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሣጥን ላይ ቆሜ! ልጅ ነበርክ እሺ፣ አባባን ፈራህ እሺ። ከዚያስ በኋላ?"

"እሱን አልነበረም የፈራሁት" አለ። ጸጉሩ የሸበተው ሰውዬ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። "አንቺን ነዋ። አንዴ ከወጣሁ አልመለስም ትዪኝ ነበር። ብቻዬን እንዳትተዪኝ ብዬ ነው። ካደግን በኋላ ደግሞ በምን አፌ?"

ልትመታው እጇ ተነሳ። አልመታችውም፤ ፔርሙዙን አንስታ አስቀመጠች፣ አነሳች፣ እንደገና አስቀመጠች። ተናደደች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለራሷም አልለየላት። ደግ ቢሆን አይቆልፍም፤ ክፉ ቢሆን መውጫ አይሠራም። ያንን መውጫ ደግሞ አደራ ብሎ ለአምስት ዓመት ሕፃን ይሰጣል? ስንት ዓመት የጠላችው ሰው ከእጇ ሾልኮ ወጣባት፤ በእሱ ቦታ የምታስቀምጠው ሌላ ሰው ገና አላገኘችም።

እንግዶቹ ሲወጡ አክስት ወንበሮቹን ደራርባ ሄደች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ታላቂቱ ጡቡን በእግሯ ገፋችው።

"ውጣና ቆልፍብኝ" አለችው ወንድሟን።

"ምን?"

"ሁለት ዙር። እንደ እሱ።"

ቀጭ፣ ቀጭ። ላቧ መጣ፣ ጆሮዋ ጮኸ። ቆማ በሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፤ ምንም የለም። ጎንበስ አለች፤ አላገኘችውም። በጉልበቷ መንበርከክ ነበረባት። አውራ ጣቷ የቀለም እብጠት አገኘ። ያስቀመጠው ወለል ላይ ለሚቀመጥ የአምስት ዓመት ልጅ እጅ በሚመች ቁመት ነው፤ እሷ ቆማ ብትፈልገው ዕድሜ ልኳን አታየውም። የእሷን እጆች አገላብጦ አይቶ ነው ይሄን የሠራው፤ ከእሷው ደብቆ። አምስት ቀን ያላለቀሰችው ሴት እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች።

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያውን መስመር አልሰረዘችም። ከሥሩ "መውጫም ሠርቶ ነበር፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም" ብላ ጻፈች፤ ለነገ ከዚህ የተሻለ እውነት አልነበራትም። ከዚያ ቀለሙን በጥፍሯ ፈቅፍቃ ሚስማሩን ሳበችው። አልላወስ አለ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳበችው፤ በመጨረሻ ምላሱ ገብቶ በሩ ወለል አለ።

ወንድሟ ደጃፉ ላይ ቁልፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያት።

"ትሄጃለሽ?" አላት።

ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ ወደ ውስጥ አስገባችው። በሩንም በራሷ እጅ ዘጋችው።