በቅዱስ ኦስዊን የተደወለው ያልተፈቀደ ደወል

በለንደን መሃል፣ በቅዱስ ኦስዊን ቤተ ክርስቲያን፣ ዊልፍ የሚባል ደወል ደዋይ ነበር። ለጎብኚ ሁሉ፣ «የድሮው ታላቅ እሳት ከተማውን በልቶ እዚህ ደጃፍ ሲደርስ፣ ቄሱ አንድ በርሜል ቢራ ጠጥተው ብቻቸውን አጠፉት። በምን እንዳጠፉት ሴቶች ፊት አይወራም» ይል ነበር። እውነቱ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ያኔ ነድዶ አመድ ሆኖ እንደገና የተሠራ ነው። ደወሉም ከቀለጡት ደወሎች ነሐስ የተሠራ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ግን ዊልፍ ወሬ አላማረውም። የጀርመን አውሮፕላኖች ሌሊቱን ቦምብ ሲያዘንቡ አድረዋል። ጣራውን ሊያይ ግንቡ ላይ ወጥቶ ደወሉ ዘንድ እንደ ደረሰ፣ የተናጋው መሰላል ከሥሩ ተገንድሶ ወደቀ። ዘወር ሲል ከጣራው ሥር ጭስ አየ። እሳቱ የጥንቱን አግዳሚ እንጨት ከውስጥ እየበላው ነው።

በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ታች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ወይዘሮ ሆብዴይ የመስታወት ስብርባሪ ይጠርጋሉ።

«ወይዘሮ ሆብዴይ፣ ጣራው እየነደደ ነው።»

«ባለፈው እሑድ ደግሞ ጀርመን መስበኪያው ውስጥ ተኝቷል ብለህ በሌሊት ልብሴ አስሩጠኸኛል።»

«ያ ቀልድ ነበር እኮ። ይሄ የምሬን ነው።»

«ያኔም የምሬን ነው ብለሃል። ውረድና ጥረግ።»

«መሰላሉ ወድቋል።»

«እንግዲያው ክንፍ አብቅል።» ቀና ብለውም አላዩት።

ጭሱ ጉሮሮውን ያዘው። የቀረው ደወሉ ብቻ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን በአገሩ ደወል አይደወልም፤ ከተደወለ ጠላት በጃንጥላ ወረደ ማለት ነው። ያለ ትእዛዝ የደወለ ወህኒ ይወርዳል። ዊልፍ እጁን ሰደደ፣ መለሰ። እንጨቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ያኔ በደወሉ ውስጥ የተንጠለጠለውን ከባድ ብረት በሁለት እጁ አንቆ አላተመው።

ሰፈሩ ተገለበጠ። የሰፈሩ ዘብ ሽማግሌዎች ጠመንጃ፣ ሥጋ ሻጩ ቢላዋ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ጠላት የታለ?» አለ አዛዣቸው።

«ጣራው ሥር። ቶሎ በሉ፣ ሊጨርሰን ነው።»

ጭሱ ይሄኔ ጣራው በተለበጠበት የእርሳስ ቆርቆሮ ስንጥቅ ወጥቶ ታየ። መሰላል ቆመ፣ የአሸዋ ባልዲ በእጅ በእጅ ተቀባበሉ። አንድ አግዳሚ ከስሎ ጣራው ተረፈ።

ፖሊስም ዊልፍን ያዘው። ወይዘሮ ሆብዴይ ምስክር ልሁን ብለው አብረው ሄዱ። «አንተ ሰው፣ እውነት ስትናገር እንኳ ድምፅህ አይለወጥም። በምን ልለይህ?» አሉት በመንገድ።

ጣቢያው ውስጥ መርማሪው፣ «ስንት ጀርመን አየህ?» ሲል ጠየቀው።

ዊልፍ ደረቱን ነፍቶ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ሆብዴይ በክርናቸው ጎኑን ደሰቁት።

«አንድም አላየሁ» አለ።