በመዳቡ በኩል

ወንድሜ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ምላሱ ግን መበጠስ እንጂ መጠገን አያውቅም። ሴት ልጁ "እኔም እዚህ ልሥራ" እያለች ስትነዘንዘው፣ እኔ አክስቷ ባለሁበት፣ "ከባዶ ተነስተሽ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ቦርድ ካወጣሽ ሱቁ ያንቺ ነው። ካቃተሽ ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ" አላት። ታላቅ ወንድሟን ደግሞ አስተምራት አለው።

ያ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ አስተማራት። "ቦርድ ማለት ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ የተሰመረበት ገበታ ነው። አንዱ ፊቱ መዳብ ነው። መንገዶቹን በቀለም ትስያለሽ፣ አሲድ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፤ ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ አሲዱ ይበላዋል፣ መንገዱ ይቀራል። ከዚያ ትበሺዋለሽ፣ ዕቃዎቹን ከጀርባ ትሰኪያለሽ፣ እግራቸውን በመዳቡ በኩል ትበይጃለሽ።"

አልዋሸም። ዕቃው በጀርባ ስለሚቀመጥ ስዕሉ መዳቡ ላይ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ ማረፍ እንዳለበት ግን አልነገራትም። ጣቷ በአሲድ ቢጫ እስኪሆን ስትለፋ አጠገቧ ቁጭ ብሎ "ጎበዝ!" ይላታል። እስካሁን አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው።

የፈተናው ቀን አባቷ ከፊቷ ተቀመጠ።

"ባትሪውን ስኪው እንጂ! ምን ታፈጥጫለሽ?" አላት ወንድሟ።

አልሰካችም። መንገዶቹን በጣቷ ተከተለችና፣ "የባትሪው መስመር የሄደው ወደ አይሲዋ የተሳሳተ እግር ነው" አለች። አይሲ የምትላት ያቺን ባለ ስምንት እግር ጥቁር ዕቃ ነው።

ወንድሟ ሳቀ። አባቷ ቦርዱን ወደ ቆሻሻው ሊወረውረው እጁን ሲዘረጋ ነጠቀችው።

"አባዬ፣ ትንሽ ጠብቀኝ።"

አይሲዋን ነቀለችና እዚያው መዳቡ ላይ በየደቻት፤ በዚያ ፊት ስትቀመጥ እያንዳንዷ እግር የራሷን መንገድ ታገኛለች። ባትሪውን ሰካች። ማይኩን አንስታ "አሎ" ስትል ሱቁ በድምፅዋ ተሞላ። እኔማ "እሰይ የኔ ልጅ!" ብዬ ዘለልኩ። እሷም ማይኩን አባቷ ፊት አስቀምጣ ምርቃት ጠበቀች።

ወንድሜ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ወደ ወንዱ ልጁ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። ማይኩ ግን አልጠፋም ነበር፤ የሠራችው ማጉያ አንድ ቃል ሳያጎድል አሰማን፦

"መገልበጡን ደብቃት ብዬህ ነበር፤ መበየድን እንዲህ አድርገህ አስተምራት ማን አለህ?"

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሱ ግን አላፈረም።

"እንግዲህ ሰምተሻል" አላት፤ "ሱቁ የወንድምሽ ነው።"