ከሾርባ የተገፈፈ ሳሙና

ጋሽ ሳሙና ግራ ሲገባቸው ራሳቸውን አያኩም፤ መዳፋቸውን ነው የሚያሹት። አርባ ዓመት ሙሉ ስብና ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር እያዋሃዱ ሳሙና ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ትክክለኛ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል፤ እሳቸውም እንዲያስታውሷቸው አልለመኑም። ታዲያ ከሦስት ወር ወዲህ እነዚያ መዳፎች እረፍት የላቸውም።

የልጃቸው ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ሚጣ፣ የሚጥል በሽታ አለባት። አሻንጉሊቷን እንደያዘች ድንገት ዓይኗ ይፈዛል፤ ከዚያ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተሞከረ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ሐኪሙ የቀረን አንድ ነገር ነው ብሎ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ላካቸው። ያ የቀረው ነገር ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ስብ ነው።

"ስብ?" አሉ ጋሽ ሳሙና።

"አዎ አባባ" አለች ባለሙያዋ። "ዳቦ የለ፣ ሩዝ የለ፣ ስኳር የለ። ቅቤ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሁሉም በግራም እየተመዘነ። ሰውነቷ ስኳር ሲያጣ ስብ ማቃጠል ይጀምራል። አንጎሏ በዚያ ነዳጅ ሲሠራ ሕመሙ ጋብ ሊል ይችላል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"እውነቱን ልንገርዎት? አጥርተን አናውቀውም። ግን ብዙ ልጆች ተሽሏቸዋል።"

ጋሽ ሳሙና መዳፋቸውን አሹ። ሚስታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። የልቧ ደም ሥር በስብ ተደፍኖ ነው የሞተችው። ያኔ በዚሁ ሆስፒታል፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ሐኪም ቅቤ የሚባል ነገር በዓይኗም እንዳታይ ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። እሳቸውም ጭልፋ አንስተው ከሾርባዋ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ በየቀኑ ሲገፍፉ ከረሙ። ዘግይተው ነበር የጀመሩት። ቀደም ብዬ በጀመርኩ ኖሮ የሚለው ጸጸት እስከ ዛሬ አንጀታቸውን ይበላዋል።

"ታዲያ ታች መርዝ የሆነው እዚህ ላይ መድኃኒት ነው?" ብለው ጠየቁ።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ወረቀት ስባ አንድ ክብ ራስና ሁለት ጭራ ያለው ነገር ሣለች። "ይቺ አንዷ የስብ ዓይነት ናት። ራሷ ውሃ ይወዳል፣ ጭራዋ ውሃ ይሸሻል።"

የጋሽ ሳሙና ፊት በራ። "ይቺንማ አውቃታለሁ! ሳሙና አይደለችም እንዴ? በአንድ በኩል ዘይቱን፣ በሌላ በኩል ውሃውን ይዛ እድፉን ጠርጋ የምትሄደው?"

"ዘመዳሞች ናቸው። ሳሙና ጭራዋ አንድ ነው። እነዚህ ባለ ሁለት ጭራዎቹ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። የእያንዳንዱ ሴላችን ግድግዳ እሱ ነው። ነርቭንም የሚጠቀልለው ስብ ነው። አንጎላችን ራሱ ውሃው ቢወጣለት ከግማሽ በላዩ ስብ ነው።"

"ኮሌስትሮልስ?"

"እሱም እዚያው ግድግዳ ውስጥ አለ። ያለ እሱ ግድግዳው አይጸናም።"

"ሚስቴን የገደለው እሱ?"

"እሱው። ሲበዛና ያለቦታው ሲቀመጥ።"

ጋሽ ሳሙና ግራ ገብቷቸው የመጡ ሰው፣ ባሰባቸውና ወጡ።

ሥራው ተጀመረ። የሚጣ እናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ጠዋት ቅቤና ዘይቱን በትንሿ ሚዛን መዝና፣ የምሳ ሾርባውን አብስላ፣ ለአባቷ አስረክባ ትወጣለች። "አባዬ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ!" ትላለች ከበር ላይ። እሳቸውም ያበላሉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በቀን አምስት ጊዜ የምትወድቀው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ወደቀች። ከዚያ ስምንት ቀን ሙሉ አልወደቀችም። እናትየው ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ አውርዳ አጠበች።

ከዚያ የደም ምርመራው ውጤት መጣ። ሐኪሙ "ኮሌስትሮሏ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የሚጠበቅ ነው፣ እንከታተለዋለን" አለ። ጋሽ ሳሙና የሰሙት የመጀመሪያዎቹን ቃላት ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በማግስቱ ሾርባው ላይ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቀውን ስብ ሲያዩ የታያቸው የሚስታቸው ፊት ነበር። ልጅቷ እንደሆነ ተሽሏታል፤ ትንሽ ቢቀነስላት ምን ትሆናለች? አሁንስ አልዘገይም አሉ፤ ያችኑ ጭልፋ ከግድግዳው ላይ አወረዱ።

የገፈፉትን መጣል ደግሞ አልሆነላቸውም። አርባ ዓመት ስብ ሳይደፉ የኖሩ ሰው እንዴት አድርገው ይድፉ? በጠርሙስ አጠራቀሙት። ሲበዛ ጓሮ ወርደው ሳሙና ሠሩበት። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከሠሩት ሁሉ ያማረ ሳሙና ወጣው። እናትየው ሚጣን በእሱ እያጠበች "አባዬ፣ እጅህ እኮ ገና አልረሳም" ብላ አሞገሰቻቸው። እሳቸው ዓይኗን ሳያዩ ጠርሙሶቻቸውን ሊያጥቡ ጓሮ ወረዱ።

ሚጣ እንደገና መውደቅ ጀመረች። መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ፣ ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ። ጋሽ ሳሙና አየሩ ነው አሉ። ከዚያም ራሱ ስቡ ነው አሉና ጭልፋቸውን አጥልቀው ሰደዱ። በሌላ ቀን ደግሞ ምክንያቱ የምገፍፈው ይሆን እንዴ ብለው አሰቡ፤ እጃቸው ግን እንደ ለመደው ገፈፈ። ስቡን ቢሰጧት እንደ አያቷ ትሞትባቸዋለች፣ ቢነፍጓት ዓይናቸው እያየ ትወድቅባቸዋለች። መያዣ መጨበጫው ጠፋቸው።

የቀጠሮው ቀን ባለሙያዋ ፊቷን ቋጥራ ጠበቀቻቸው። "በሽንቷ ላይ የሚጠበቀው ምልክት የለም" አለች። "ሰውነቷ ስብ እያቃጠለ አይደለም። ይሄ ከሆነ ሕክምናውን ማቋረጣችን ነው። ከዚህ በኋላ በእጃችን ያለ ነገር የለም።" ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች። "በግልጽ ልጠይቅሽ እህቴ፤ አሳዝናሽ ዳቦ ቢጤ ትሰጫታለሽ?"

"እኔ?" እናትየው ብድግ አለች። "እኔ አንድ ግራም አጉድዬ አላውቅም! ሌሊት በሕልሜ ሁሉ እኮ የምመዝነው ቅቤ ነው!" ድምፅዋ ተሰበረና ተመልሳ ተቀመጠች፤ አለቀሰች።

ጋሽ ሳሙና መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣቸው ደስ ባላቸው። በኮታቸው ኪስ ውስጥ ለባለሙያዋ ስጦታ ብለው ያመጡት አንድ ሳሙና በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ሌላውን ሲመክሩ የኖሩ ናቸው። አወጡትና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"የጠፋው ይኸው" አሉ።

"አባባ፣ ይሄ ሳሙና ነው።"

"ሾርባ ነበር። እኔ ነኝ ከላይ ከላዩ የገፈፍኩት። እንደዚህ ያሉ አሥራ አንድ ወጥተዋል። አያቷን ቀብሬያለሁ፤ እሷንም እንዳልቀብር ብዬ ነው።"

 ባለሙያዋ ሳሙናውን አንስታ በእጇ መዘነችው፤ ቀስ ብላም "እንግዲያው ሕክምናው አልተሞከረም ማለት ነው" አለች። "አናቋርጥም። የኮሌስትሮሉን ነገር ለእኛ ይተዉት፤ እሱን የምናየው እኛ ነን።"

እናትየው ሳሙናውን ተቀብላ አሸተተችው። "በመድኃኒቷ ነው ያጠብኳት" አለች። አውቶቡስ ውስጥም ዝም፣ ቤትም ዝም። ጋሽ ሳሙና ስድብ ቢወርድባቸው በስንት ጣዕሙ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቅቤውን መዘነች፣ ሾርባውን አበሰለች። ቤት ውስጥ የሚያበላ ሌላ ሰው የለም፣ ሥራዋም አይጠብቃትም። አባቷን አየቻቸው። ከዚያ ጭልፋዋን ከግድግዳው ላይ አውርዳ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። እጀታዋ አልገባ ብሎ ወደ ላይ ቀረ። "አባዬ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ" አለችና ወጣች።

ምሳ ሰዓት ጋሽ ሳሙና ሳህኑን ሚጣ ፊት አስቀመጡ። ስቡ ከላይ ያብረቀርቃል። መዳፋቸውን በላቸው።

"አያቴ፣ ጭልፋህ የታለች?" አለች ሚጣ።

"ከእናትሽ ጋር ሥራ ሄዳለች።"

"መቼ ትመለሳለች?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ብዪ።"

ከሁለቱ ሐኪሞች የትኛው ልክ እንደሆነ፣ ሁለቱም ልክ ከሆኑ ደግሞ እንዴት እንደሆነ፣ ዛሬም አልገባቸውም። የሚያውቁት እጃቸውን ነው፤ እጃቸውን ደግሞ ከእንግዲህ አያምኑትም። ሁለቱንም ከጭናቸው ሥር ከትተው ተቀመጡባቸው፤ ሚጣ ሳህኑን በምላሷ ልሳ እስክትጨርስ ዓይን ዓይኗን እያዩ ጠበቁ።