የእሁድ ብልቃጦች

እሁድ አይጥ አይነካም። ይህን ሕግ ያወጣችው ታናሽ እህቴ ናት። የላቦራቶሪው ኃላፊ እሷ ናት፤ አይጦቹን የማበላውና ሳጥናቸውን የማጸዳው ደግሞ እኔ። የሰው እጅ ሲበዛባቸው ይጨነቃሉ፤ ጭንቀቱ ደግሞ እኛ በልክ የምንሰጣቸው ብቻ መሆን አለበት። አዎ፣ ጭንቀት በልክ እንሰጣለን። ካሉን አርባ አይጦች ሃያውን በቀን ሁለት ሰዓት ጠባብ ቱቦ ውስጥ እንከታለን፤ ሃያውን እንተዋለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተራ ውሃና ስኳር ውሃ ጎን ለጎን እናስቀምጥላቸዋለን። ደህናው አይጥ ስኳሩ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ለተከፋው ግን ሁለቱም አንድ ነው። ከዚያ እኔ እይዛለሁ፣ እሷ አፋቸውን በጥጥ ጠርጋ ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች። እሷ እንደምትለው፣ የተከፉት አይጦች አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከደህናዎቹ ይለያሉ። የትኛው የትኛውን እንዳመጣው ገና አላወቀችም። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አይጥ ሳይበላ ሲመታ ያየሁት ግን እዚህ ነው" ስላት ትስቃለች።

ጩጬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። ጸጉሯን ያበጠርኩ፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኩ፣ ለእሷ ስል ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ እኔ ነኝ። ይህን የማወራው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመጻደቅ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ሞተ። ሥራ ገብቼ እወጣለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ግድግዳ ላይ አፈጣለሁ። የቀመስኩት ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል። ጥርሴን መፋቅ እንኳ ታከተኝ። ያኔ ጩጬ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረች። ልብሴን ታጥባለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣኝ፣ "እታለም፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ፤ ድድሽ እየደማ ነው" ትለኛለች። በጥጥ ቀስ አድርጋ ትጠርግልኝና ጥጡን ልጣለው ብላ ወደ ኩሽና ይዛው ትሄዳለች። አይጥ ስይዝላት የምውለው እኔ፣ ምንም አልጠረጠርኩም። እንዴት ልጠርጥር? ሁኔታዋ አንጀቴን ይበላው ነበር፤ አፌን እንደከፈትኩ እንባዬ ይወርዳል። በዚያ ክረምት በሕይወት ያቆየኝ እሁድ ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚያ ድንገት መምጣቷን ተወች።

ማክሰኞ ዕለት ፍሪዘሩ በረዶ ስለሠራ ሳጥኖቹን ወደ ሌላው አዛውር ነበር። አንዱ ሳጥን ላይ "41" የሚል ተጽፏል። አርባ አንደኛ አይጥ የለንም። ቁጥር የተሳሳተ መስሎኝ ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ብልቃጥ፣ በእህቴ እጅ ጽሑፍ ቀን ቀን ተጽፎባቸዋል። የመጀመሪያውን ቀን ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጋር አስተያየሁት። እሁድ። ሁለተኛውም እሁድ። አሥራ ሁለቱም እሁድ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት እውነት ነው።

ሳጥኑን ይዤ ቢሮዋ ገባሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

"አርባ አንደኛው አይጥ ማነው?" አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። "እታለም፣ ቁጭ በይ።"

"ቆሜ ነው የምሰማሽ።"

"ልነግርሽ ነበር እኮ። አይጦቹ ላይ ያየሁት ነገር ሰው ላይ ይኖር እንደሆነ ለራሴ ለማየት ያህል ነው። ስምሽ የትም አልተጻፈም።"

"አያለሁ፤ ቁጥር ነው የሰጠሽኝ።"

"ብነግርሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው፤ ስትጨነቂ ደግሞ ናሙናው..." ብላ አቆመች።

"ይበላሻል" ብዬ ጨረስኩላት። ተናድጄ ነበር፤ ሰሃን በአጠገቤ ቢኖር እወረውር ነበር። "ስሚ ጩጬ። የሳይንሱ ነገር አይገባኝም፣ እሱን ተይው። ጥጥ ሳትይዢ፣ እኔን ብለሽ ብቻ የመጣሽበት አንድ እሁድ አለ?"

ብልቃጦቹን አየች። እኔም አየኋቸው። ለመቁጠር ይመስል ጣቷን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

"መጨረሻ ላይ እየተሻለሽ መስሎኝ ነበር" አለች፣ ድምጿ አንሶ።

"አሥራ ሦስተኛው እሁድ ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን ለብሼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እስኪመሽ ጠበቅሁሽ። በሚቀጥለውም እንደዚያው።"

ማልቀስ ጀመረች። "ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ደክሟታል፣ ትረፍ ብዬ ነዋ።"